የጓሮ በር ጸሐፊ

ያን ዓመት በድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ ሁለት ሰው ከተገናኘ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሣው የሆዳን ጉዳይ ነበር። የባለሱቁ የዐብዱላሂ ልጅ ሆዳን። ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ሻሂ ይቀርባል፤ አንዳንዴ ሳቅ፣ አንዳንዴ ጭቅጭቅ ይሰማል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሽማግሌዎቹ ላባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። ነገሩ ምን ላይ ደረሰ? ምንም ላይ። ለሚመጣው ዓርብ ተቀጠረ።

«ኧረ አቦ! ይሄ ሰውዬ ልጁን ነው የሚድረው ወይስ የጅቡቲን ወደብ ነው የሚሸጠው?» ይላል ሰፈሩ።

አይፈረድበትም፣ ልጆቼ። ከተዘጋው በር ኋላ ያለውን ማን ይንገረው? እዚያ ቤት የሚመከረው ጋብቻ አልነበረም። ፓርቲ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጥቶ፣ ሕዝቡ ለፓርላማ እንደራሴውን ራሱ ይመርጣል በተባለበት ሰሞን ነው። ወንዱም ሴቱም ይመርጣል ተባለ። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ማሰብ ጀመረ። በሰፈሩ አንድ ቦኖ አልነበረም። ውኃ የሚመጣው በአህያ ነው፤ ቀኑ በሞቀ ቁጥር የውኃው ዋጋም አብሮ ይሞቃል። ከአሸዋው ወንዝ ማዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ሹማምንቱ አበባቸውን በቧንቧ ያጠጣሉ።

«ውኃ የሚያመጣልን እንደራሴ እንምረጥ» አሉ ዐብዱላሂ። ቀፊራ ገበያ ዳር ስኳርና ሻሂ ቅጠል የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው የሚያምናቸው ሰው ናቸው። ለመወዳደር በስሙ ቤትና ቦታ ያለው ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ ከጓደኞቻቸው መካከል ይህ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ዕጣው እሳቸው ላይ ወደቀ።

«ብቻህንማ አትችለውም፤ ፓርቲ ያስፈልግሃል» አለ ሂርሲ። ሂርሲ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ «ፓርቲ» የሚለውን ቃል ከጅቡቲ ከቴምርና ከሸራ ጋር ጭኖ ያመጣው እሱ ነው። በአገራችን ግን ያኔ ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ነው። ተወዳዳሪ ሁሉ ለራሱ ነው የሚቆመው።

ቢሆንም ተሰበሰቡ። ዐብዱላሂ፣ ሂርሲ፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡት ጋሽ ወልደ ማርያም፣ ሌሎችም የሰፈር ሰዎች። ጸሐፊ ደግሞ ዋይስ ሆነ። ዋይስ የጀልዴሳ መንደር ልጅ ነው፤ በባቡሩ ዕቃ ቤት ይጽፋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከመናገሩ በፊት እጁን የሚያይ ልጅ።

ገና የመጀመሪያው ስብሰባ ሳይጋመስ በሩ ተንኳኳ። የሰፈሩ ፖሊስ፣ አሥር አለቃው ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጫማ ደጅ ላይ? ምን እየሠራችሁ ነው?»

ጋሽ ወልደ ማርያም ጣሪያውን አዩ። ዐብዱላሂ ምንጣፉን አዩ።

«ሽማግልና ነው!» አለ ሂርሲ፣ አፉ እንዳመጣለት። «የዐብዱላሂን ልጅ ለዋይስ ልንጠይቅ መጥተን ነው።»

አሥር አለቃው ፊቱ በራ። «መልካም ነገር ነው!» ካለ በኋላ ግን ዐይኑ ዋይስ ላይ ዐረፈ። «ልጁ ራሱ ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? የሚታጭለት ሰው ከሽማግሌ ጋር ይቀመጣል እንዴ?»

ልክ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት በየትኛውም ወገን የለም።

«እኛም እሱን ነው የምንለው!» ብሎ ጮኸ ሂርሲ። «ወሪያ ዋይስ! ውጣ ብለንህ የለም? አሳዳጊ የለህም?»

ዋይስ ወረቀቱን ደረቱ ውስጥ ከቶ ተነሣ። በፊት በር እንዳይወጣ አሥር አለቃው ቆሟል። መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓሮ ወጣ።

ጓሮው ውስጥ ሆዳን የሻሂውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«ማን?»

«አሁን የታጨሁለት።»

ዋይስ እጁን አየ። «እንደዚያ ነው የሚሉት» አለ።

ያን ዕለት ማታ አባቷ አጠገባቸው አስቀምጠው አስረዷት። ከእንግዲህ ስብሰባው በዚያው ሰበብ ይቀጥላል፤ ምርጫው ሲያልቅ «በመህሩ፣ በጥሎሹ አልተስማማንም» ተብሎ ነገሩ ይበተናል። እሷ ከፈቀደች ነው እንጂ ካልፈቀደች ይቅር። እሷም ውኃ ሲቀዳና ሲሸከም የኖረ የእናቷን ወገብ አሰበችና እሺ አለች። ዋይስ ደግሞ ለአባቷ ማለ። «አዴር ዐብዱላሂ፣ ወላሂ፣ እንደ እህቴ ናት» አለ። «አዴር» ማለት በሶማሊኛ አጎት ነው፤ እሳቸውን የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር። ሆዳን ከመጋረጃው ኋላ ይህንንም ሰማች። ለጊዜው ደስ አላት።

አሁን አንድ ችግር ቀረ። የፓርቲው ጸሐፊ ሙሽራ ተብሏልና ከስብሰባው ጋር መቀመጥ አይችልም። እሱ ካልጻፈ ደግሞ የሚጽፍ የለም። ስለዚህ ዋይስ ዓርብ ዓርብ በጓሮ በር እየገባ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ዘይቱን ዛፍ ጥላ ተቀምጦ፣ ከውስጥ የሚሰማውን እንዲጽፍ ተወሰነ። የሆዳን እናት ዓሻ ማሽላቸውን እየነፉ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሆዳን ሻሂ ታፈላለች።

ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በአማርኛ ጀምረው በሶማሊኛ ይቆጣሉ፣ በኦሮምኛ ይታረቃሉ። የሚሉት እርስ በርሱ እየተደባለቀ ዋይስን ግራ አጋባው።

«አሁን የተናገረው ማነው?»

«አዴር ሂርሲ» አለች ሆዳን፣ ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አድርጋ።

«ምን አለ?»

«ፓርቲ ካልተባለ እወጣለሁ አለ።»

«ጋሽ ወልደ ማርያምስ?»

«ማኅበር ካልተባለ እወጣለሁ አሉ።»

«አባትሽስ?»

«ሻሂ ጨምሩ አለ።»

ዋይስ ሁሉንም ጻፈ። ሆዳን በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። «ሻሂውንም?»

«ቃለ ጉባኤ ነው። የተባለው ሁሉ ይጻፋል።»

ሳቋ አመለጣት። ዓሻ ወንፊቱን አቆሙ። «ማነው እዚያ የሚስቀው?»

«ፓርቲው ነው፣ ሆዮ» አለች ሆዳን ለእናቷ።

በመጨረሻ «የመጋላ ሕዝብ የውኃ ፓርቲ» ተባለ። ስሙን ለማጽደቅ ብቻ ስንት ማንቆርቆሪያ ሻሂ እንዳለቀ የሚያውቅ የለም። ደንቡን ግን ዋይስ ብቻውን አርቅቆ፣ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለሆዳን አነበበላት። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ፤ ኮርቶበታል።

«ማንም አባል ከፓርቲው ለግል ጥቅሙ አንዳች ነገር አይፈልግም።»

«አንዳች?»

«አንዳች።»

«ሻሂም?»

ዋይስ በእጁ የያዘውን ብርጭቆ አየ፤ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ቆይቶ መልሶ አነሣው። «ሻሂ የስብሰባ ወጪ ነው» አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ለሆዳን ሳምንት ማለት ዓርብና ሌላው ሆነ። ሐሙስ ማታ ሻሿን ታጥባለች። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ሲያስተኛ እሷ ጓሮውን ትጠርጋለች፤ ውኃ ብርቅ ቢሆንም ከዛፉ ሥር ትንሽ ትረጫለች። እሱ ይመጣል። ሰላምታ ይሰጣል። ከዚያ ውስጥ ያሉት ሲጮሁ እነሱ ዝም የሚሉበት ጊዜ አለ፤ ያ ዝምታ ከንግግሩ ይበልጥባት ጀመር።

አንድ ቀን «ሴት ትመርጣለች ተብሏል» አለችው። «ፓርቲያችሁ ውስጥ ግን አንዲት ሴት የለችም።»

«አንቺ አለሽ።»

«እኔ ጓሮ ነኝ።»

«እኔም ጓሮ ነኝ» አለ ዋይስ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ከዚያ እሱ ወደ ወረቀቱ፣ እሷ ወደ እሳቱ። ውስጥ የተባለው ሁሉ ያን ቀን ሳይጻፍ ቀረ።

ያኔ ነው ሆዳን የፈራችው። ምርጫው ሲያልቅ ይህም ሊያልቅ ነው። በመህር አልተስማማንም ይባላል፤ እሱ በጓሮ በር ይወጣል፤ ደግሞም «እንደ እህቴ» ያለው መሐላ አለ። በፊት ደስ ያሰኛት ቃል አሁን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰካ።

ምርጫው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ቀፊራ ወረደች። ቅመም ሻጯ ናፊሳ ከሩቅ አይታ ጠራቻት። የገበያው ሴቶች አለቃ የላቸውም እንጂ ቢኖራቸው ናፊሳ ናት።

«ነይ እስቲ ሆዳኔ። አባትሽ ስንት ግመል ቢጠይቅ ነው ይሄን ያህል የሚያስጨንቃችሁ?»

«አንድም ግመል አልጠየቀም፣ ኤዶ ናፊሳ።»

«አይ! ልጁ እኮ አለቀ፤ ዐንገቱ የሰጎን ሆነ። ስሚኝ፣ እኛ ሴቶቹ ተማክረናል። የአንዲት ልጁን ጉዳይ መጨረስ ያቃተው የአገር ጉዳይ ይጨርሳል? የገዛ ልጁን በጨረታ ያቆመ ሰው ነገ ውኃውንስ ለማን ይሸጠው ይሆን? ወላሂ፣ ድምፃችንን አንሰጠውም!»

ሆዳን ቅመሙን ሳትገዛ ተመለሰች። ዓርብ ዕለት የሰማችውን ለአባቷ ነገረች፤ አባቷም ለስብሰባው።

የሸሸጋቸው ሰበብ መልሶ እነሱን ሊበላ ነው። ያን ሁሉ ወር ሲሰበሰቡ ተወዳዳሪያቸውን የድሬዳዋ ቁጥር አንድ ስስታም አድርገው አስመዝግበዋል።

«እናጋባቸዋ!» አለ ሂርሲ፣ ጭኑን መትቶ። «ምን ችግር አለው? ሰርግ ደግሰን የሰፈሩን ሴት ሁሉ እንጥራ፤ እዚያው ዐብዱላሂ ንግግር ያደርጋል!»

«ለዘመቻ ከሰርግ የተሻለ ቦታ አይገኝም» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ተስማሙ።

ዋይስ ከጓሮ ተጠራ። ዐብዱላሂ «አንተ ምን ትላለህ፣ ልጄ?» አሉት።

ሆዳን ከመጋረጃው ኋላ ትሪውን እንደያዘች ጆሮዋን ጣለች። አንድ ቃል። ምንም ዓይነት፣ የራሱ የሆነ አንድ ቃል ብቻ።

ዋይስ እጁን አየ። «ፓርቲው ከወሰነ…» አለ። «እኔ የፓርቲው ውሳኔ አስፈጻሚ ነኝ።»

መጋረጃው ተገለጠ። ትሪው ወለሉ ላይ ሲያርፍ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«ይቅርታ አባ» አለች ሆዳን። «ይሄ ስብሰባ ሲደረግ ሻሂ ሳፈላ ከርሜያለሁ፤ ተናግሬም አላውቅም። በእኔ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ከሆነ ግን የእኔም ይቆጠር። አልፈልግም።»

«አንቺ ልጅ፣ ለውኃው እኮ ነው!» አለ ሂርሲ።

«ለውኃው እንስራ እሸከማለሁ፣ አዴር። ባል አልሸከምም።» ወደ ዋይስ ዞረች። «አንተም፣ ውሳኔ ማስፈጸም ካማረህ ፍርድ ቤት ሂድ።»

ገብታ መጋረጃውን ጣለች። በመጨረሻ የአባቷ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ። «ልጄ አልፈልግም ካለች አለቀ። ሌላ አጀንዳ ካለ እንስማ።»

ሌላ አጀንዳ አልነበረም።

በማግሥቱ ሆዳን ቀፊራ ወርዳ ናፊሳ ፊት ቆመች። ገበያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባቴ ምንም አልጠየቀም። ልጁም ነውር የለበትም። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት» አለች።

«አንቺ? በአፍሽ?»

«በአፌ።»

«አባትሽስ? አልመታሽም?»

«አልመታኝም።»

«አልጮኸብሽም?»

«‹ካለች አለቀ› ነው ያለው።»

ናፊሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዙሪያዋን ያሉትን ሴቶች አየች፤ እነሱም እሷን አዩ። «የልጁን እምቢታ የሚሰማ ወንድ» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ያለው እኛንም ሳይሰማ አይቀርም።» ወሬው ቀትር ሳይሆን ገበያውን ዞሮ ጨረሰ።

አባቷ በዚህ ስም አገኙ፤ እሷ ግን ዋጋ ከፈለች። «አሁን ማን ደፍሮ ሽማግሌ ይልካል?» አሉ እናቷ በሐዘን። ዋይስንም ከተማው መሳቂያ አደረገው። ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ወሪያ ዋይስ! ያን ሁሉ ዓርብ ተመላልሰህ ሻሂ ብቻ ጠጥተህ ወጣህ አሉ!» ይሉታል። «ድሮም የውሸት ነበር» ቢል ይገላገል ነበር። አላለም። ቢል ፓርቲው ይጋለጣል፤ ሆዳንም ያላትን ሁሉ ይዛ የቆመችበት እምቢታ ቀልድ ይሆናል። ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሆዳን ይህን ስትሰማ በልቧ የቆለፈችው ነገር ትንሽ ላላ፤ ግን እሷ ልትከፍተው አይደለም።

የምርጫው ቀን ሴቶቹ ባለቀለም ልብሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ዒድ ተውበው ወጡ። በወንዶቹ ሰልፍ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚታየው የዋይስ ራስ ነው። ሆዳንን አያት። እጁን አላየም። እሷን አያት፣ እሷም ዐይኗን መመለስ ረሳች፤ ናፊሳ ከኋላ እስክትገፋት ድረስ።

«ተራመጂ እንጂ! ሰልፉ ሄዶ ጅቡቲ ሊደርስ ነው!»

ዐብዱላሂ ተሸነፉ። በሰፈራቸው ያሸነፋቸው የለም፤ ከሌላው ሰፈር ግን አንድ ትልቅ ነጋዴ በለጣቸው። ሂርሲ መኪናው መርገጫ ላይ ተቀምጦ ጥቂት አለቀሰና ዐይኑን ጠረገ። «ከእኛ በታች ድምፅ ያገኘ ሰው ግን አለ ወይስ የለም?» አለ። አለ ሲሉት ተጽናና።

ቀጥሎ በመጣው ዓርብ ሁሉም ሳይጠሩ መጡ።

«ተሸንፈናል፤ ምን እንሠራለን?» አሉ ዐብዱላሂ።

«ፓርቲ ማለት» አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ በቃሉ እንደ ሰው ልብስ እየተሸማቀቁ፣ «ተሸንፎም ዓርብ የሚሰበሰብ ነው። ውኃው እስኪመጣ ያሸነፈውን ሰውዬ በር እናንኳኳለን።»

ተጨበጨበ። ከጭብጨባው መሐል ዋይስ ተነሣ። ሙሽራነቱ ስለቀረ አሁን ከሰው ጋር ነው የሚቀመጠው። በጸሐፊነቱ የያዘውን የፓርቲውን ማኅተም ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አኖረ።

«ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም።»

«ተሸነፍን ብለህ ነው?» ሂርሲ ቱግ አለ።

«አይደለም። የመጨረሻውን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለግሌ የምፈልገው ነገር አለ።»

ጋሽ ወልደ ማርያም ቀድመው ገባቸው፤ ፈገግታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ዐብዱላሂ ልጁን ትኩር ብለው አዩት። «እንደ እህቴ ናት ብለህ ምለህልኝ ነበር።»

«ስምል እውነት ነበር፣ አዴር። በሚቀጥለው ዓርብ ግን እውነት መሆኑ ቀረ።»

ዐብዱላሂ መቁጠሪያቸውን ጥቂት አንቀሳቀሱ። «ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» አሉ። «እኛ አንድ ጊዜ በእሷ ስም ተናግረን አይተነዋል።»

ያን ቀን ሆዳንና እናቷ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ማንም አልነገራትም። ሂርሲ እንኳ አፉን ያዘ፤ ይህም ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

በማግሥቱ፣ ከተማው ከቀትር እንቅልፉ ተነሥቶ ደጅ ደጁ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ዋይስ በመንገዱ መሐል ብቻውን መጣ። ሽማግሌ የለው፣ ስጦታ የለው። ፊት ለፊት ሄዶ የዐብዱላሂን የፊት በር አንኳኳ።

«ያ የተባረረው አይደለም?»

«ደገመ እኮ! ሽማግሌ እንኳ ሳያስከትል!»

በሩን የከፈተችው ሆዳን ናት። ስታየው እጇ መዝጊያው ላይ ቀረ።

«አንተ የምታውቀው የጓሮውን በር ነው» አለች።

«እሱ የጸሐፊው በር ነበር። ለቅቄያለሁ።»

«ለምን?»

«አንቺን እንዳልጠይቅ ደንቡ ይከለክለኛል።»

«ደንቡን የጻፍከው አንተ ነህ።»

«ስጽፈው ራሴን እንደማስር አላወቅሁም ነበር።»

«ያን ቀን ፓርቲው ከወሰነ አልክ» አለችው ቀስ ብላ። ያን ሁሉ ቀን ያቃጠላት ይህ ቃል ነው።

«ፈርቼ ነው።»

«እምቢ እንዳልል?»

«እሺ እንዳትዪ። ለአባትሽ ብለሽ፣ ለሰፈሩ ብለሽ እሺ ትዪኝና፣ ለእኔ ይሁን ለቦኖው ሳላውቅ ዕድሜዬን እንዳልጨርስ። ደግሞም ደፍሬ መጠየቅ ስላቃተኝ ከፓርቲው ኋላ ተደበቅሁ። አንቺ እምቢ ስትዪ ቤት ገብቼ አፍሬ አለቀስኩ፤ ግን ደስም አለኝ። አሁን እሺ ካልሽ የራስሽ እሺ ነው።»

«ማነው የላከህ?»

«ማንም።»

«ሽማግሌስ?»

«ካልሽ ነገ ይመጣሉ። መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ ብዬ ነው። ታገቢኛለሽ፣ ሆዳን?»

ከመንገዱ ማዶ ናፊሳ መታገሥ አቃታት። «መልሺለት እንጂ ልጄ! ፀሐዩ ሊያቀልጠው ነው!»

ሆዳን አልቸኮለችም። ሲያያት አየችው፤ ላቡ በግንባሩ ሲወርድ፣ እጆቹ ባዶ ሆነው ጎንና ጎኑ ተንጠልጥለው፣ አንዴም ሳያያቸው። ከዚያ ፊቷን ወደ ቤት ውስጥ መለሰች።

«አባ! እንግዳ መጥቷል።»

«ማንን ብሎ ነው?» አሉ ዐብዱላሂ ከውስጥ። «ፓርቲውን ከሆነ ዓርብ ይምጣ።»

«እኔን ብሎ ነው» አለች ሆዳን፤ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችለት።